ኦስበርት ያሰማው እሪታ

ለወንድሜ ለቱርስታን፣ ዮርክ ከተማ።

እንደምን ከርመሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ላማችንም ወለደች። ይህን የሚጽፍልኝ መንገደኛ መነኩሴ ነው።

የዛሬ ወር የጎረቤታችን የእትዬ ማቲልዳ በግ፣ ያቺ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ያላት፣ ተሰረቀችና እትዬ እሪ አሉ። ሕጉን ታውቃለህ፤ እሪታ ሰምቶ ያልወጣ ይቀጣል። እኔም ሊጤን ጥዬ፣ ዱላ ይዤ ሮጥኩ። ባለቤቴ ኦስበርት ግን ከሁላችን ቀድሞ፣ «ሌባው በወንዙ በኩል ነው! ተከተሉኝ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

«እንዲህ ያለ ጎረቤት ያብዛልኝ!» ብለው እትዬ መረቁት።

በወንዙ በኩል ምንም አልተገኘም። ዱካው ወደ ጫካው ይሄድ እንደነበር ያዩት ሰዎች የነገሩን ዝናብ ካጠፋው በኋላ ነው። ኦስበርት ድምፁ ከተከፈተ ወዲህ ስለ በጓ ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ ወደ አንተ ይመጣል። ለብርዱ ብሎ የበግ ለምድ አዘጋጅቶልሃል። ለእኔ አላሳየኝም። ትከሻው ላይ ጥቁር ካለው፣ ወንድምዬ፣ ወደኛ ስትመጣ ለብሰኸው አትምጣ።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ አቪስ