ልጄ ለጉድጓዷ ሴት ስም ሰጠቻት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን ጥቅል ጎመን በርሜል ውስጥ ስደረድር ዋልኩ። የዘንድሮው ጠንካራ ነው። ጨዉን ጨምሬ ውኃውን ላፈስ ስል ስልኩ ጮኸ። ራሊጻ መስላኝ እጄን ሳልጠርግ አነሣሁት። ዛሬ እመጣለሁ ብላኝ የለ።

ወንድ ነው። «የራሊጻ እናት ነዎት?»

ከሶፊያ ስትመጣ… መንገዱ በረዶ ሠርቶ… መኪናዋ ከድልድዩ…

«ማን ልበል?» አልኩት። ለምን እንደዚያ አልኩ? ስሙን ነገረኝ። ፖሊስ ነው። ስሙን ረሳሁት።

በርሜሉ እስካሁን ክፍት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ቀበርናት። ከአባቷ ጎን። ማን ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 23

አርባዋ። ስንዴውን ቀቅዬ ስኳር ነሰነስኩበት። ሰዉ አንድ አንድ ማንኪያ እያነሣ «እግዚአብሔር ይማራት» አለ።

ቦያን ከሶፊያ መጣ፣ የራሊጻ ካሜራ አንሺ። ቀጭን ልጅ፣ ኮቱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል። «ፊልሙ አልቋል እትዬ» አለኝ። «የመጨረሻውን ድምፅ የጨረስነው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ልትነግርዎት ነበር የምትመጣው…»

ጎረቤቴ ኢልኮ ሰማ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ምላሱ ግን ጡረታ አልወጣም።

«ግን ዶብሪ» አለኝ፣ «የጉድጓዷ ሴትዮ ፊቷ ከታየ ምኗ ሊያስፈራን ነው? እስከ ዛሬ ያስፈራችን ስላላየናት አይደል?»

አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊቷ እትዬ ፔና በክርናቸው ጎሸሙት። «የልጅቷን ስንዴ እየበላህ ፊልሟን ታማለህ?»

«አላማሁም። ጠየቅኩ።»

«አፍህን ዝጋና ብላ።»

«ዘግቼ እንዴት ልብላ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደነገጥኩ፣ ስለ ሳቅኩ።

ለነገሩ የኢልኮ ጥያቄ የከተማው ሁሉ ጥያቄ ነው። «ጉድጓዱ» የሚባለው የድሮ ፊልም የተቀረፀው እዚሁ ነው፣ በእኛው በከተማው ሰዎች፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ። ጉድጓድ ውስጥ ያለች ሴት፤ ፊቷ አይታይም፣ ስሟ አይነገርም። «የታችኛዋ» ነው የምንላት። እናቶች ልጅ የሚያስፈራሩት በሷ ነው። ራሊጻ የሠራችው ከዚያ በፊት የሆነውን ነው፦ የታችኛዋ ጉድጓድ ከመግባቷ በፊት ማን ነበረች? ፊልሟንም በሴትዮዋ ስም ጠራችው… «ካሊና»።

ስም ሰጠቻት። ያ ብቻውን ስንቱን አስቆጥቷል።

እሑድ፣ ጥር 14

ጋዜጣ ላይ ጋሽ ስፓስ ጎርያኖቭን ጠይቀዋቸዋል። የ«ጉድጓዱ» ዳይሬክተር ናቸው፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው። በባሕሩ ዳርቻ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ቴሌቪዥን የላቸውም ይባላል። ስለ «ካሊና» ምን ይላሉ?

«አላየሁትም። ግን ጉድጓድ ውስጥ መብራት የሚያበራ ሰው ፍርሃት እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም።»

ሳያዩ!

ተናድጄ የድሮውን ፊልም ከፈትኩት። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ… ግን አይቼዋለሁ? እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች ያንን ፊልም የምናየው ራሳችንን ለመፈለግ ነው። «ያው አጎቴ፣ በጉ ጋ!» «ያቻት እማማ፣ ሽርጧን ጨብጣ!» እኔም ቀይ መሐረቤን ነው የምጠብቀው። ዛሬ መሐረቤን ተውኩና ፊልሙን አየሁት።

ጌታዬ። ያስፈራል። ጭጋጉ። የማይጮኸው ውሻ። መጨረሻ ላይ ሰዉ ጉድጓዱን ከቦ ቆሟል፣ ገመዱ ተንጠልጥሏል፣ ማንም አልነካውም። ከታች ይጎተታል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ሰዉ ሁሉ ሸሽቶ ይበተናል።

ልጄ ከዚህ ጋር ነው የምትወዳደረው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

ሶፊያ። «ካሊና» ታየ። መግቢያው ላይ ትልቅ ፎቶዋ፣ ሻማ፣ አበባ። መብራቱ ሳይጠፋ ንግግር ተደረገ፣ ቆመን በዝምታ አሰብናት። ፊልሙ ሲጀምር ዓይኔ ሞልቶ ምንም አላየሁም። ሲያልቅ ረጅም ጭብጨባ ሆነ። ቀይ መነጽር ያደረገች ሴት አቅፋኝ አለቀሰች፣ አላውቃትም።

ያጨበጨቡት ለፊልሙ ነው ወይስ ለሻማው?

ሰኞ፣ መጋቢት 18

የመጀመሪያው ጽሑፍ ወጣ። ቦያን በስልክ አነበበልኝ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ቀነሰ።

«እንደገና አንብበው» አልኩት።

«…ከታላቁ ፊልም ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚቆም መናገር ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆነን ልንፈርድ አይገባም።»

ለምን አይገባም? ስድስት ዓመት የሠራችው ሊፈረድበት ነው እንጂ ሊታዘንለት ነው? ልጅ እያለች እንኳ ሥዕል ሠርታ ስታሳየኝ «ጎበዝ» ካልኩ ትቆጣ ነበር። «ጎበዝ አትበይኝ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ ንገሪኝ።»

ለሞተ ሰው ማዘን ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው ፍርድ ነው። መጥፎ ነው ካሉ መጥፎ ነው ይበሉ… ግን ይበሉ። አለበለዚያ ልጄ ብቻ አይደለችም የሞተች፣ ሥራዋም ሞቶ ነው የተወለደ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ቦያን ፊልሙን አምጥቶልኝ ሄደ። ብቻዬን፣ በጠራራ ቀን፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ አየሁት። «አታልቅሺ፣ ፍረጂ» አልኩ ለራሴ።

እንግዲህ ልፍረድ። ሙዚቃው በዝቷል። የቄሱ ጢም የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። እስከ መሐሉ ድረስ የድሮው ይበልጣል፣ በጭጋጉና በውሻው ብቻ ይበልጣል። ልጄ ብትሆንም ይበልጣል።

ከዚያ…

ካሊና የጉድጓድ ጠራጊ ልጅ ናት። ቀጭን ስለሆነች አባቷ በገመድ የሚያወርደው እሷን ነው። ትስቃለች፣ ከታች ሆና ትዘፍናለች፣ ጎረምሶቹ ይወዷታል። እኔም ወደድኳት። ሥራዋን ስትጨርስ ገመዱን ሦስት ጊዜ ትጎትታለች። «አውጡኝ» ማለት ነው።

ፊልሙን አቆምኩት።

ይህ የአባቴ ምልክት ነው። አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፣ የዚህ ከተማ ወንድ ግማሹ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፣ ሁሉም ሦስቴ ነበር የሚጎትተው። ስለ አባቴ ሳወራ ለራሊጻ ነግሬያታለሁ፣ ራት ላይ። «ሦስቴ?» ብላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የጠገበች መስሎኝ ሳህኗን አነሣሁ።

መልሼ ከፈትኩት። መጨረሻው ድርቅ ነው። ጉድጓዱ ነጥፏል። ካሊናን ያወርዷታል፣ ትቆፍራለች፣ ውኃው ይመጣል። ሦስት ጊዜ ትጎትታለች። ላይ ያሉት ይተያያሉ። አንድ ሽማግሌ «ከወጣች ውኃው ይሄዳል» ይላል። ማንም አይስብም። አለቀ። ጭራቅ የለም። የሰዎቹ ፊት ብቻ።

ከዚያ የድሮውን እንደገና አየሁ። ያቺ ገመድ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰዉ ይሸሻል። እኔም በቀይ መሐረቤ እሸሻለሁ።

አውጡኝ እያለች ነው። ያን ሁሉ ዘመን አውጡኝ እያለች ነው። የቆፋሪ ልጆች ነን፣ ምልክቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ ፊልሙንም በቃላችን እናውቀዋለን… ማናችንም አላየነውም። ራሳችንን ስንፈልግ።

ራሊጻ ብቻ አየችው።

ኢልኮ፣ ምኗ ያስፈራል ብለህ ነበር። ልንገርህ? እሷ አይደለችም የምታስፈራው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

የከተማው ባህል ቤት ኃላፊ ኔቬና ቤቴ መጣች። «ጉድጓዱ» ሃምሳ ዓመት ሞላው፣ ነሐሴ ላይ አደባባዩ ላይ ይታያል። ጋሽ ስፓስም ይመጣሉ።

«የራሊጻንም እናሳያለን እትዬ ዶብሪንካ። ከድሮው በኋላ። ለማስታወሻ። ፎቶዋን እናቆማለን፣ ሻማ እናበራለን…»

«ሻማ የለም።»

«እንዴት?»

«ፎቶም የለም። ዝምታም የለም። ስለ መሞቷ ቃል እንዳይነገር። ደግሞ የሷ ይቅደም።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እትዬ፣ ሰዉ የሚመጣው ለድሮው ነው። የሷን ካስቀደምን… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሰለቻቸው ያጉረመርማሉ።»

«ያጉረምርሙ።»

«ጋሽ ስፓስ ቢቀየሙስ?»

«ይቀየሙ። ታሪኩ መጀመሪያ የሆነው የቱ ነው? የሷ አይደል? በቅደም ተከተሉ አሳዪ።»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እኛ ዘንድ እንዲያ መነቅነቅ እሺ ማለት ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እርስዎ ግን ከባድ ሰው ነዎት» አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ፈራሁ። ባይወዱትስ? በገዛ አፌ ልጄን ላስፈርድባት አደባባይ አወጣኋት…

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ትናንት ነበር።

ሰዉ ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ መጣ። የባህል ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሸራ ወጠሩ። ሁሉም የሱፍ ቆሎ ይዟል። ጋሽ ስፓስ ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ፣ የወንድማቸው ልጅ ደግፏቸው፣ ዱላቸው ጉልበታቸው መካከል። እኔ ኋላ፣ ከእትዬ ፔናና ከኢልኮ ጋር። ኔቬና ቃሏን ጠበቀች፣ «መጀመሪያ ካሊና፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ» ብላ ወረደች።

መጀመሪያ ላይ ከፊልሙ ይልቅ የቆሎው ቀጭ ቀጭ ይሰማ ነበር። የሚያወራም ነበር። ቄሱ ሲመጣ አንዱ «ጢምህን ያዝ» አለ፣ ሰዉ ሳቀ። ይሳቁ፣ እውነታቸውን ነው። ካሊና ስትዘፍን ቀጭ ቀጩ ሳሳ። ድርቁ ሲመጣ… ማን መጨረሻ እንዳቆመ አላውቅም፣ ግን አንድም ቆሎ አልተሰበረም። ሲያልቅ ጭብጨባ አልነበረም። ምንም። አበቃልን አልኩ።

ወዲያው የድሮው ጀመረ።

በየዓመቱ ሲታይ ጫጫታ ነው፣ «ያው አጎቴ፣ ያቻት እማማ»። ትናንት ማንም ማንንም አልጠራም። ሽርጥ ጨብጠው የሚታዩት ሴት ራሳቸው እትዬ ፔና ናቸው፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ ወጣት ሆነው። ጉድጓዱ ጋ ደረስን። ገመዱ ተንጠለጠለ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

እትዬ ፔና ተነሡ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ያለ ሰው እርዳታ ተነሡ።

«ሳቧት» አሉ።

ሸራው ላይ ያለው ሰው መሸሽ ጀመረ።

«ኧረ ሳቧት! ወዴት ነው የምትሮጡት? አንቺ ሽርጣሟ፣ ተመለሽ!»

ለራሳቸው ነው የሚጮሁት። ኢልኮ ተነሣ፣ «ገመዱን ያዙ!» አለ። ከዚያ አደባባዩ በሙሉ ቆመ። ወንበር ወደቀ። ሃምሳ ዓመት ሲያስፈራቸው የኖረውን ፊልም «ሳቧት፣ ሳቧት» እያሉ… ሸራው ላይ ደግሞ እኛው ራሳችን፣ ወጣቶቹ፣ ጀርባችንን ሰጥተን እንሮጣለን። ቀይ መሐረቤን አየኋት። እኔም ጮህኩ። ተመለሽ አልኳት።

በዚያች ሰዓት ራሊጻ መሞቷን ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ አላሰብኩም። የልጄ ፊልም ነበር የሚጮኸው።

መብራቱ ሲበራ ጋሽ ስፓስ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ኋላ መጡ። ኔቬና «የራሊጻ እናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም።

«ሦስቴ ያስጎተትኩት ለጆሮ ስለሚጥም ነው» አሉ። «ምልክት መሆኑን አላውቅም ነበር። ፊልሜን ወሰደችብኝ።»

«ታዲያ የቱ ይበልጣል ጋሼ?» አልኳቸው። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«በአሠራር የእኔ ይበልጣል። እሷ ሙዚቃ ታበዛለች። ግን ከእንግዲህ የእኔን ለብቻው ማየት አይቻልም፣ የሷን ለብቻው ማየት ይቻላል። እንግዲህ የቱ ይበልጣል?» ዙሪያቸውን አዩ። «የታለች? አገናኙኝ፣ ስለዚያ ጋዜጣ ይቅርታ ልጠይቃት።»

አልሰሙም። ማንም አልነገራቸውም።

«የለችም ጋሼ። ኅዳር ላይ አረፈች።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሊያዝኑልኝ ነው፣ ፍርዱን ሊያለሳልሱት ነው ብዬ ፈራሁ።

«ያልኩትን አልለውጥም» አሉ። «ስለ ሙዚቃውም።»

እጃቸውን ሳምኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ነገ ዓመቷ ነው።

ኔቬና ደወለች። ከሌሎች ከተሞች ሁለቱን ፊልሞች አንድ ላይ እየጠየቁ ነው፣ የራሊጻን አስቀድመው። ስለ ሐዘን የሚጽፍ የለም አሁን። ይከራከራሉ። አንዱ ሽማግሌው ባይናገር ይሻል ነበር ይላል፣ አንዱ የለም ይላል። ሙዚቃውን ሁሉም ይነቅፈዋል። ቦያን እያነበበልኝ እስቃለሁ።

ነገ ጠዋት እንደ ልማዳችን በራችን ላይና አደባባዩ ላይ የሚለጠፈውን የሙት ዓመት ወረቀት ዛሬ ጻፍኩ። ኔቬና «ያለ ዕድሜዋ የተቀጠፈች ታዋቂ ዳይሬክተር» ይበሉ ብላኝ ነበር። ትቼዋለሁ። ፎቶዋን ከላይ አድርጌ፣ ከሥሩ እንዲህ ብዬአለሁ፦

ራሊጻ ካረፈች አንድ ዓመት ሆናት። «ካሊና»ን የሠራችው እሷ ናት። ፊልሟን ካያችሁት የወደዳችሁትንም ያልወደዳችሁትንም ተናገሩ፣ ደስ ይላታል። አንተ በዚህ የምታልፍ፣ አንቺም የምታልፊ፣ ብትቸኩሉም አንድ ጊዜ ቁሙና ስሟን ጠርታችሁ «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» በሉላት። እናቷ ዶብሪንካ።