ገደኛህ ዘር አልበትንም አለች

የዘሃራ አባት፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኔን አለሽ ወይ ካልከኝ አለሁ። ቀዩ በሬ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ እያየ ያንተን ድምፅ ይጠብቃል። ከሰው እሱ ይሻላል።

የምጽፍልህ ስለ ልጃችን ነው። ለሌላ ሰው ብናገረው ወሬ ይሆንብኛል።

ጎርፍ ከደጋው ወርዶ ማሳችን ውሃ በጠጣ ማግስት፣ ከጣሪያ የሰቀልከውን የማሽላ ዛላ አውርደህ ታሽና የመጀመሪያዋን እፍኝ ለዘሃራ ትሰጣት ነበር። ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ። «ነይ ገደኛዬ» ትላታለህ፤ እሷ ከፊት ትበትናለች፣ አንተ ቢስሚላህ እያልክ ትከተላታለህ። ግማሹን እግሯ ሥር ታፈሰዋለች፤ አንተ ትስቃለህ እንጂ ክፉ ተናግረሃት አታውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ለዘር የሷን እጅ ይዋስ ነበር እኮ።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፣ አንተም ታመህ ብዙ ሳትቆይ ሄድክብን። ለቅሶው ላይ እህትህ ደረቷን እየደቃች፣ ያን ዘር የጀመረች እጅ ወንድሜንም በላችው፣ ገደቢስ ናት አለች። ሐዘን ነው ያናገራት። ዛሬ ብትጠይቃት መቼ ከአፌ ወጣ ትልሃለች። ሰው ግን አልረሳውም። ጎረቤታችን ላሟ ልትወልድ ስትል ዘሃራን ዞር በይልኝ አለቻት። ቆቦ ገበያ የሚሄዱት በጠዋት ካገኟት መንገድ ይቀይራሉ። ፊት ለፊት የሰደባት የለም፤ ቀልድ እያስመሰሉ ነው ነገር የሚጥሉት። ምነው በዱላ በመቷት! የዱላ ቁስል ቢሆን ቅቤ እቀባላት ነበር።

የባሰው እሷም ማመኗ ነው። የእህቴን አራስ ልጅ አልታቀፍም አለች። ሰው ቤት ከደጃፍ አታልፍም። ያቺ እንደ ቆሎ ስትንጣጣ የምትውል ልጅህ፣ አሁን ካልጠየቋት አትናገርም።

ዘንድሮ ጎርፉ ጠግቦ ወረደ። ወንድምህ በሬ ጠምዶ መጣ፤ እኔም ዛላውን አሽቼ ዘሩን ዘሃራ መዳፍ ላይ አደረግሁት። ማሳው ዳር ቆመች። ጨበጠችውና እጇ አልፈታ አለ። ለመንኳት፣ ባንተ ስም ለመንኳት። «እማ፣ በኔ እጅ ረሃብ ይገባባችኋል» አለችኝና ዘሩን ቀሚሴ ላይ መልሳ ወደ ቤት ሄደች።

ወንድምህ ዘራው። ማሽላው አምሯል፣ ከወገብ አልፏል። ሰዉም፣ አያችሁ፣ እሷ ስላልነካችው ነው አለ። ይህንንም ሰማች።

እኔስ ምን ላድርግ? አገር የተናገረውን አንድ አፍ እንዴት ይመልሰዋል? ተስፋዬ ተሟጥጧል፤ አንተን አልዋሽህም። ያቺን የመለሰቻትን እፍኝ ዘር ግን በጨርቅ ቋጥሬ አንተ በምትሰቅልበት ቦታ ሰቅያታለሁ። አንተንም፣ ያወጣህላትንም ስም አልረሳም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ጠዋት ጠዋት «ገደኛዬ» ብዬ እጠራታለሁ።

እስካሁን አቤት አላለችኝም። ትናንት ስጠራት ዞር ብላ ኋላዋን አየች፤ ሌላ ሰው የጠራሁ መስሏት።