ወለሉ የማይታየው ገንዳ

ለክቡር የመዋኛ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ፣ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔና የተማሪዎቼ ዓይን ከቀላ ወር ስላለፈው ከመካከላችን አንድ ደህና የሚያይ ሰው ያስፈልገናል። እኔ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አዛውንቶች ውሃ ውስጥ የማሠራዋ አሠልጣኝ ነኝ። በቃል ያመለከትኩት ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ስለሆነብኝና ስለደከመኝ ይህን ደብዳቤ የገንዳው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ «የጨው ውሃ ኬሚካል አይሻም» ብለው አሲዱን መጋዘን ስለቆለፉበት አመሰግናለሁ። ጨዉን ወደ ክሎሪን የሚለውጠው መሣሪያ በሠራ ቁጥር የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልኬት፣ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ በአሲድ ካልወረደም ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ኖሮ እንዳልኖረ እንደሚሆን የገንዳው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ አስረድቶዎት ነበር። እርስዎ ግን ውሃው በደፈረሰ ቁጥር፣ ሾርባ አልጣፍጥ ያለዎት ይመስል፣ ጨው አስጨመሩበት።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ጨው በዛብኝ ብሎ ቀይ መብራት ሲያበራ፣ ደንበኛ እንዳይደነግጥ መብራቱ በፕላስተር እንዲሸፈን ስላዘዙ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እውነትም ከዚያ ወዲህ የደነገጠ ደንበኛ የለም።

ሦስተኛ፣ የምርመራ መዝገቡ። የወሩ ፒኤች በሙሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ደህና የሚባለው ሰባት ነጥብ አራት ተብሎ ተሞልቷል፤ ገና ያልነጉት ቀናት እንኳ አልቀሩም። ነቢይ አለቃ ማግኘት መታደል ነው።

ለሚቀጥለው ነገር «አራተኛ» ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልፈለግሁም። ባለፈው ማክሰኞ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ፣ ዛሬ ከተማሪዎቼ አንዷ የሆነችው አክስቴ ከደረቷ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ሚዛኗን ስታ ሰመጠች። ከእኔ የነበራት ርቀት ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ አላየኋትም። እንደ አጓት በነጣው ውሃ ውስጥ ያገኘኋት በእግሬ ዳብሼ ነው። ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «የምታዪኝ መስሎኝ እኮ እጄን አወዛውዝልሽ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ እፈራለሁ፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ውሃ።

ስለዚህ አሲዱ ከመጋዘን እንዲወጣ፣ ጨው የበዛበት ውሃ በከፊል ተቀድቶ በንጹሕ እንዲተካ፣ ምርመራውም በየጠዋቱ ከመዝገቡ ሳይሆን ከገንዳው እንዲጀመር ትልቅነትዎን በትሕትና እለምናለሁ።

የዓይን ጠብታዋን ከኪሷ ሳትለይ ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
ታዛዥ አሠልጣኝዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገንዳውን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ውሃው ደህና ነው ካሉ ለእርስዎ ብቻ እከፍትልዎታለሁ። ይዋኙ፣ እኔም ከዳር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ መጠበቅ የምችለው ግን የማየውን ብቻ ነው።