ስሾም የታየሁበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

በቅሎዋ የለችም። ጠዋት በቅሎ ጠባቂዬ ደስታ መጥቶ "ጌታዬ፣ ከጓሮ የለችም" አለኝ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው መሬት መሬት ያያል። ጓሮውን ራሴ ዞርኩት። አጥሩ ደኅና ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። የፊት እግሮቿ የሚታሰሩበት ጠፍር የለም፤ ተቆርጦም አልወደቀም።

እግሯ የታሰረ በቅሎ በር አልፋ አትሄድም። ጠፍሩ ካልተቆረጠ ተፈቷል። ከተፈታ የፈታ እጅ አለ። ለደስታ ይህን ነገርኩትና ሁለት ጊዜ በጥፊ መታሁት፤ አጠባበቅ አያውቅም።

የአንኮበር ከተማ ሹም ከሆንኩ ዛሬ ሃያ ቀኔ ነው። በተማርኩበት በጎንደር ይህ ሹመት ከንቲባ ይባላል። እዚህ ስሙ ባይኖርም ሥራው ያው ነው፤ ገበያ፣ ውኃ፣ እሳት፣ ሌባ። በቅሎዋንም ለሹመቴ ብዬ ነው ከሰላ ድንጋይ፣ ከመምሬ ኃይሉ፣ የገዛኋት።

ባለቤቴ በላይነሽ "ሹመቱ ገና ሳይሞቅ ናቁዎት" አለች። ቃሏ ከጥፋቱ ይልቅ ቆረቆረኝ። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ከተማው ጌታ የሌለው መስሎታል። "ደብተራ ከተማ ይገዛል ወይ?" የሚሉም እንዳሉ አውቃለሁ።

ከቀትር በኋላ ነጋሪት አስመትቼ በታችኛው ሰፈር ላይ አውጫጭኝ አወጅኩ። ነገ ጠዋት ቤት ያለው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ከምንጩ በላይ ካለው መስክ ይገባል። ሌባውን ሳያወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም።

እዚህ ላይ ብዕሬን አቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በንጉሡ ችሎት ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ሰው በመከር ጊዜ በአውጫጭኝ እንዳይታገድ ሦስት ጊዜ ተናግሬአለሁ። ዳኝነት ከታች ይጀምራል፤ ትንሹ ዳኛ ትልቁን አይቶ እንዳይፈርድ አስቀድሞ ይናገራል፣ ትልቁ መጨረሻ ይፈርዳል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ተናጋሪ ነበርኩ፤ ማንንም አልፈራሁም። በሦስተኛው ጊዜ ንጉሡ ሳቁና "ይህን ቃልህን ስትሾም እናየዋለን" አሉ።

ይህ ግን ሌላ ነው። የሹም በቅሎ ከተሰረቀች የድሀ በሬ እንዴት ይጠበቃል?

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፭

የነቢያት ጾም ገባ። መስኩ ውስጥ ወደ መቶ ሰው አለ፤ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ገበሬ። በእሾህ አጥር ዙሪያ ዘበኛ አቆምኩ። ሁሉም በየተራ ማለ። ያየ የለም።

የቀረበልኝ አቤቱታ፦ ያልታለበች ላም። ያልተጠበቀ ማሳ። ቀለም ድስት ውስጥ ተነክሮ የቀረ ጥጥ። በደንብ ያልተዘጋ በር። ሁሉንም ሰማሁ፤ ለአንዱም መልስ አልሰጠሁም።

የታችኛው ሰፈር ባልቴት እማማ ዘርፌ ቆመው ተናገሩ። እኒህ ሴት ከጎንደር ተመልሼ መጠጊያ ባልነበረኝ ጊዜ አንድ ክረምት ያበሉኝ ናቸው።

"ጌታው፣ ገብሴ ታጭዶ መሬት ላይ ነው። በቅሎዎን እኔ ብሰርቃት ማን ያስቀምጠኛል? ወገቤ አይታጠፍ።"

ሰው ሳቀ። እኔ "ዝም በይ" አልኳቸው። አንቺ ብዬ። ሳቁ ወዲያው ቆመ፤ የፈለግሁትም ይህን ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፮

ኪዳነ ምሕረት ናት። ዳዊት ልደግም የመጽሐፌን ማኅደር ከግድግዳው አወረድኩ። እጄን ስሰድ ከመጽሐፉ ሌላ ነገር ነካሁ። ጠፍሩ ነው።

ቁጭ አልኩ።

አሁን ሁሉም ይታየኛል። ሰኞ ማታ ከገበያ ስመለስ የበቅሎዋ የግራ እግር ተልጦ አየሁ። ደስታን "አንተ ማሰር አታውቅም፣ ሂድ" ብዬ አባረርኩት። ጠፍሩን ራሴ ፈታሁት፤ ከውስጡ ጨርቅ ሰፍቼበት በደንብ ላስራት። ወዲያው ሁለት ሸማኔዎች ስለ ወሰን ተጣልተው ከበሩ ደረሱ። ማኅደሩ በትከሻዬ ነበር፤ ጠፍሩን ከዚያ ከተትኩና ሰዎቹን ለመስማት በጓሮው በር ወጣሁ። በሩን ዘግቼው እንደሆነ አላስታውስም። ሳልዘጋው ቀርቼ ነው እንጂ።

የፈታ እጅ አለ ብዬ ነበር። አለ።

ወዲያው ተነሥቼ ወደ መስኩ ልወርድ ጫማዬን አደረግሁ። ከደጃፉ ቆምኩ። ምን ብዬ ልናገር? መቶ ሰው ሁለት ቀን ያገድኩት በገዛ እጄ የፈታሁትን ረስቼ ነው ልበል? ይህ ወሬ እንጦጦ በስንት ቀን ይደርሳል? በሦስት። በወንበር አብረውኝ የተቀመጡት ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ እንኳ አውቃለሁ።

ነገ በቅሎዋ በአንዱ ገደል አጠገብ ስትግጥ ትገኛለች፣ ነገሩም ያለ እኔ ያልቃል ብዬ አሰብኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። ጠፍሩን ወደ ማኅደሩ መለስኩት፣ ከዳዊት ጋራ።

ቀኑ ብራ ነበር። ደመና አልነበረም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፯

ዘነበ። በኅዳር። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን፣ ከቆላው ጉም እያነሣ፣ ዝናቡ አላባራም። መስኩ ላይ ሰው ነጠላውን በራሱ ላይ አድርጎ ቆሞ ከታች ያለውን ማሳውን ያያል። የታጨደው ገብስ ሁሉ እንደተኛ ነው። የጮኸ የለም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወፍ ተገኘ። ያወቀውን በሹክሹክታ ለሽማግሎቹ የሚነግረው ሰው ወፍ ይባላል፤ ስሙ አይገለጥም። ወፉ የጠራው ቀጥቃጩን ተሰማን ነው። ማስረጃው፦ ከወናፉ ሥር አዲስ ጠፍር ተገኝቷል።

ወናፉን የሚሰፋበት ጠፍር መሆኑን ማንም ያውቃል። ግን ቀጥቃጭ ነው፤ ሰው ዓይኑን ይፈራዋል፣ ዘመድም የለው። ዝናብ ደግሞ ይዘንባል። መቶ ሰው ወደ ቤቱ መሄጃ አገኘ። እኔም "ተይዟል፣ ሌላው ይሂድ" አልኩ። በገዛ አፌ።

ከሳሽ ከተከሳሽ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛል። ከሳሹ እኔ ነኝ፤ ሹም ግን አይታሰርምና ስለ እኔ ደስታ ታሰረ። በጥፊ የመታሁት ደስታ።

ለፀሐይ መግቢያ መምሬ ኃይሉ ከሰላ ድንጋይ ከተፍ አለ። ጭቃውን ከእግሩ ሳያራግፍ ሳቀ።

"ደኅና ነች፣ አይጨነቁ። ረቡዕ ማታ ከደጄ ቆማ አገኘኋት። ቤቷ ናፍቋት ነው። ስሸጥልዎ፣ ሁለት ወር እስክትለምድ ድረስ ጠፍሩን ከእግሯ አይፍቱ ብዬዎት አልነበረም? አሁን ኮቴዋ ስላበጠ ደብረ ብርሃን ከአጎቴ ልጅ ቤት አሳረፍኳት።"

ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ስለ በቅሎ ሊያስተምረኝ ነው ወይ ብዬ ንቄ አልፌዋለሁ።

"የጠረጠሩት ሰው ነበር?" አለኝ።

"ማንም" አልኩ። ተሰማ በእኔ በረት ውስጥ ነበር፤ ሰንሰለቱ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። መምሬ አፈጠጠብኝ። "እኔ እስክነግርህ ወሬውን ለማንም አታውጣ፤ በቅሎዋም እዚያው ትቆይ" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ዓይኑ ግን ወደ በረቱ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፰

ሰንበት ነው፤ ችሎት የለም። ሰውየው በሰንሰለት ነው።

ምግብ ይዤ ወደ በረቱ ሄድኩ። ራሴ መያዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። ተሰማና ደስታ ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው ያወራሉ። ተሰማ እጁን ከነሰንሰለቱ አነሣ።

"ጌታዬ፣ ይህን ሰንሰለት የሠራሁት እኔ ነኝ። አራተኛው ቀለበት ደካማ ነው፤ ሌባ ብሆን ትናንት ሄጃለሁ።"

ደስታ ሳቀና አየኝ፣ ወዲያው ሳቁን ተወ። ያን ጊዜ ደስታ ያውቃል ብዬ ጠረጠርኩ። ሰኞ ማታ ሲሄድ በቅሎዋ እንደታሰረች ነበር። ከእርሱ በኋላ ከእርሷ ጋር የቆየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አራት ቀን ሙሉ ይህን ያውቃል፣ ዝም ብሏል። የኔ ዝምታ ሹመቴን ለመጠበቅ ነው። የእርሱን ምክንያት አላውቅም። ምናልባት ሦስተኛውን ጥፊ ፈርቶ ይሆናል።

ምግቡን አኑሬ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፱

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። በላይነሽ "አሞዎታል?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ስንመለስ መምሬ ኃይሉ አብሮኝ ይሄድ ነበር። የቀጥቃጩን ነገር ከሰው ሰምቷል፤ እንዴት አይሰማ። "ነገ እኔም ከችሎቱ እቀመጣለሁ" አለ። "ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን ቄስ ነኝ።"

ቁልቁለቱ ላይ እጁን ሰጠኝ፤ ጭቃ ነበርና ያዝኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር ፳

ችሎት ከመስኩ ላይ ሆነ። ከእኔ በታች አራት ዳኞች። የመጀመሪያው ተናጋሪ ከሁሉ የሚያንስ ወጣት ሸማኔ ነው። ቆመ፣ ከመናገሩ በፊት ፊቴን አየ። "ተሰማ ይክፈል፣ አርባ ይገረፍ" አለ።

እኔ በእርሱ ቦታ ሳለሁ የንጉሡን ፊት አላየሁም ብዬ ስኮራ ኖሬአለሁ። አይቼ ኖሮ ይሆን?

ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛውም። አራተኛው ግርፋቱን ወደ ሠላሳ አወረደ፣ ያንንም እኔን ደስ የሚለኝ መስሎት ነው። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ።

ጠፍሩን ከማኅደሩ አወጣሁ። የተናገርኩት አጭር ነው። በቅሎዋን የፈታኋት እኔ ነኝ። ረስቼ ነበር። ያስታወስኩት ሐሙስ ነው። በቅሎዋ ደብረ ብርሃን ነች፤ ይህንም ከዓርብ ጀምሮ አውቃለሁ። ተሰማ ንጹሕ ነው።

ሐሙስ የሚለውን ቃል ልዘልለው እችል ነበር።

እማማ ዘርፌ ሳይፈቀድላቸው ተነሡ።

"ሐሙስ ፀሐይ ነበረ" አሉ። "ሐሙስ ቢነግሩን ገብሳችንን እናነሣ ነበር። ለምን አልነገሩንም?"

"አፈርኩ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬም።"

ተቀመጡ።

ተሰማ ሰንሰለቱ ሲፈታለት እጁን አሻሸና "እንግዲህ ከሳሹ እኔ ነኝ" አለ። "እንጦጦ ድረስ እከሳለሁ። ዋስ ይጥሩ።"

ሕጉ ነው። ራሴ ስንት ሰው ዋስ ጥራ ብያለሁ። ጠራሁ፤ "ዋስ የሚሆነኝ" አልኩ። ዳኞቹ መሬት አዩ። ነጋዴዎቹ፣ በሹመቴ ቀን እጅ መንሻ ያመጡት፣ አልተንቀሳቀሱም። መምሬ ሊነሣ ሲል "አንተ የሌላ አገር ሰው ነህ" ተባለና ቀረ።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አለ ደስታ። አንጓው ላይ የሰንሰለቱ ምልክት አለ።

ለምን? ብዬ አልጠየቅሁትም። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ነገ ጽዮን ናት፤ ማንም እርሻ አይነካም። ገብሱ ዛሬ ካልተገለበጠ ይበቅላል። ካባዬን ለበላይነሽ ሰጥቼ ወደ እማማ ዘርፌ ማሳ ወረድኩ። አልከለከሉኝም፣ ግባም አላሉኝም። ነዶ እያነሣሁ መገልበጥ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይተው ከኋላዬ መጡ።

"አንተ፣ ዳዊት አይደለም፣ ቅጠል ቅጠሉን አትግለጥ። ሁለት ሁለት አንሣ።"

አንተ አሉኝ፣ እንደዚያ ክረምት። ሁለት ሁለት አነሣሁ።

አሁን ይህን የምጽፈው እጄ በእሾህ ተጫጭሮ ነው። ለንጉሡ ደብዳቤ ጀምሬአለሁ፤ ሌላው ቀድሞ ሳይነግራቸው እኔ ልናገር። የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ ፋቅሁት። "ስትሾም እናየዋለን ብለውኝ ነበር፤ ታየ" የሚለው ብቻ ቀረ።

አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። መምሬ ኃይሉ ከችሎቱ ባይቀመጥ ኖሮ ጠፍሩን አወጣው ነበር? አላውቅም። ዳኛ ሆኜ ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው አቅርቤው ቢሆን ኖሮ፣ አላውቅም የሚለውን መልስ አልቀበልም ነበር።

ፀሐይ እስከ ማታ ቆየች። ገብሱ ከላይ ደርቋል። ከሥሩ ገና ነው።