«ለእኔም ይንገረኝ» ያሉት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «እታለም» እያለ የሚጠራቸው አክስታችን፣ ከአናጢው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱትም ከዚያው ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከእሳቸው በኋላ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች ተከታትለው መጥተዋል። «እታለም» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወላጅ እናታቸው ሳይቀሩ «እታለም» ስላሏቸው በመዝገብ ስማቸው የጠራቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። ኮሌጅ ለመግባት እየተዘጋጁ ሳለ አባታቸው ከሚሠሩበት ጣሪያ ላይ ወድቀው ስላረፉ፣ የአንድ ዓመት የጽሕፈትና የመዝገብ አያያዝ ሥልጠና ብቻ ወስደው በ1968 ዓ.ም. እናታቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። ታናናሾቻቸው ተምረው ለቁም ነገር የበቁት በእሳቸው ደመወዝ ነው። ከእነዚያ ታናናሾች የመጨረሻዋ የእኔ እናት ናት።

ካርድ ክፍል ማለት በሽተኛ መጀመሪያ የሚቆምባት መስኮት ናት። ከመስኮቷ ጀርባ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ የብረት መደርደሪያዎች፣ አንድ የሚንገጫገጭ መሰላልና ማለቂያ የሌለው አቧራ አለ። እታለም እዚያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርተዋል። ቁጥሩን የረሳ ሰው ሲመጣ የመጣበትን ወር፣ ያየውን ሐኪም፣ የተኛበትን አልጋ ጠይቀው ካርዱን ያወጡለት ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እታለም ያጣችው ካርድ የለም» ሲሉ እሳቸው ያርሟቸው ነበር። «ሁለት አለ» ይሉ ነበር። «እስካሁን እየፈለግኋቸው ነው።»

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጌታን አግኝተው በቤተ ክርስቲያን በታማኝነት አገልግለዋል። ስለ ትዳር የነበራቸው አቋምም አንድ ነበር፤ እግዚአብሔር ታማኝ ነው፣ እሱ ይመራኛል የሚል። ይህን ማለት ቀላል ነው። እሳቸው ግን በዚህ ቃል ከሃያ ዓመት በላይ ኖረውበታል፤ ድካሙንም ደብቀው አያውቁም። ስለዚህ እኛም ዛሬ ሸፋፍነን አናልፈውም።

በ1972 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ኅብረት የሚዘምር አንድ ወጣት ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቋቸው «እግዚአብሔር አንቺ ሚስቴ እንደሆንሽ ነግሮኛል» አላቸው። እታለም በትሕትና አመስግነው «ለእኔም ይንገረኝ፤ አድራሻዬን አያጣውም» ሲሉ መለሱለት። ወጣቱ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። በአራተኛው ሳምንት ስለ ሌላ ልጅ ተነግሮት ከእሷ ጋር በሰላም ተጋብቷል፤ ዛሬም ከባለቤቱ ጋር በዚህ ቀብር ላይ ስለተገኘ ቤተሰቡ ያመሰግነዋል።

በ1977 ዓ.ም. የሆስፒታሉ ፋርማሲስት የነበሩ ቅን ሰው ይህንኑ ቃል ይዘው መጡ። እታለም ለእሳቸውም ያንኑ መልስ ሰጡ፤ ነገር ግን በዚህኛው ቀልድ አልነበረበትም። አንድ ዓመት ሙሉ ጸለዩ። ልባቸው አላረፈም፤ አላረፈም ብለውም ተናገሩ። ሰውየው ሥራ ቀይረው ከከተማው ወጡ። ከዓመታት በኋላ እናቴ ስትጠይቃቸው «ተሳስቼ ይሆን? አላውቅም» ብለዋታል። «ጥሩ ሰው ነበር። አልቅሼለታለሁም። ግን ያላየሁትን አየሁ ማለት አልቻልኩም።» ፋርማሲስቱ ምንም ጥፋት እንዳልነበረባቸው እንዲታወቅ እታለም ሁልጊዜ ይፈልጉ ስለነበር እዚህ ላይ ጽፈነዋል።

ከሁሉ የከበደው 1984 ዓ.ም. ነው። እንግዳ ሆነው የመጡ አንድ ሰባኪ እታለምን ከጉባኤው መካከል በጣታቸው ጠርተው አስነሷቸውና «ይህ ዓመት ሳያልቅ ጌታ ቤትሽን ይሠራል፤ ባልሽን በዐይንሽ ታያለሽ» አሉ። ጉባኤው «አሜን» አለ። እናታቸው በዚያው ሳምንት አዲስ የአልጋ ልብስ ገዙ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ «እህሳ እታለም፣ አልታየም?» ይላቸው ጀመር። ዓመቱ አለቀ። የታየ ሰው አልነበረም።

በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ እሑድ ከቤት መውጣት እንደ ተራራ ከብዷቸው ነበር፤ ይህን ራሳቸው ነግረውናል። ቢሆንም ለብሰው ወጡ፤ በተለመደው ወንበራቸውም ተቀመጡ። ከአምልኮው በኋላ አንዲት እናት እጃቸውን ይዘው በሹክሹክታ «ምነው የኔ ልጅ፣ ያልተናዘዝሽው ኃጢአት ይኖርብሽ ይሆን?» አሏቸው። እታለም «ይኖርብኛል እማማ» አሉ። «ግን ባል ያላቸውም እኮ አለባቸው።»

እቤት ከገቡ በኋላ ግን አልሳቁም። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ቆዩ። እናቴ አጠገባቸው ሆና «እግዚአብሔር እንዴት እንዲህ ያደርግሻል?» ስትል የመለሱላት ቃል እስከ ዛሬ በቤተሰባችን ይነገራል። «የተናገረው ሰውየው ነው፤ እግዚአብሔር አይደለም። ሁለቱን አላምታታም። ደግሞ አታናግሪኝ፤ ደክሞኛል።»

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት አለፈ። እህቶቻቸውና ወንድማቸው አገቡ፣ ወለዱ። የሁሉንም ሠርግ ያሰናዱት እታለም ናቸው። መጸለይ አልተዉም፤ ጸሎቱ ግን እያጠረ እንደሄደ ይናገሩ ነበር። መጀመሪያ ላይ የባላቸውን ጠባይ ሁሉ ዘርዝረው ይለምኑ የነበሩት፣ በኋላ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ይሉ ጀመር።

በኅዳር 1994 ዓ.ም. ከካርድ ክፍሉ በላይ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በጣሪያው በኩል መደርደሪያዎቹ ላይ ወረደ። ሊጠግኑ የመጡት የሆስፒታሉ የጥገና ሠራተኛ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ መፍቻ» የሚላቸው፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸውና አንዲት ልጅ ያሳደጉ ሰው ነበሩ። ቧንቧውን በአንድ ከሰዓት ጠገኑት። በማግሥቱ ጠዋት ግን ገመድና አንድ ቅርጫት የልብስ መቆንጠጫ ይዘው ተመለሱ። እታለም «ጋሽዬ፣ ቧንቧው እኮ ትናንት አልቋል» ሲሏቸው «ቧንቧው አልቋል፤ ካርዱ መች አለቀ?» አሉ። የረጠበውን ካርድ ቅጠል በቅጠል እየለዩ፣ በክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥረው ለአራት ቀን አብረው አሰጡ። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ስለ ትዳር አንድም ቃል አልተነሣም።

በየካቲት ወር ጋሽ መፍቻ በካርድ ክፍሉ መስኮት ቆሙ። ሰልፈኛ እስኪያልቅ ጠብቀው እንዲህ አሉ። «እታለም፣ እግዚአብሔር ምንም አልነገረኝም። ጸልያለሁ፣ ዝም ብሎኛል። እኔ ራሴ ነኝ አይቼሽ የወደድኩሽ። እስኪ አንቺም ጠይቂው።»

እታለም በዚያ ቀን ከሥራ ወጥተው በቀጥታ እናቴ ዘንድ መጡ፤ በር ላይ ሆነው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግዚአብሔር ስም ያልመጣብኝ ሰው!» አሉ። ሆኖም አልቸኮሉም። ስምንት ወር ጸለዩ። ጋሽ መፍቻ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ሰጥተው ከማለፍ በቀር አልጎተጎቱም። በስምንተኛው ወር ግን በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው «እታለም፣ የእኔ ካርድ ጠፋ እንዴ?» አሉ። «አልጠፋም» አሉ እታለም፤ «ሐኪሙ ጋ ነው።» በሳምንቱ «እሺ» አሏቸው።

እንዴት እንደወሰኑ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አጭር ነበር። ድምፅ አልሰሙም፣ ሕልም አላዩም። ስምንት ወር ሙሉ ሰውየውን አዩ፤ ሲናደዱም፣ ሲታዘዙም፣ ከበታቻቸው ካለ ሠራተኛ ጋር ሲነጋገሩም አዩ። «ልቤ አረፈ፤ እሱ የሚመራኝ እንዲህ ነው ብዬ ያዝኩት» ይሉ ነበር።

ጥር 10 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ አርባ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ አርባ ሰው በተገኘበት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እናታቸው ያቺን የአልጋ ልብስ ከነማሸጊያዋ አውጥተው ሰጧቸው፤ ከሠርጉ በኋላ በሦስተኛው ወር እኚሁ እናታቸው አረፉ።

ከዚያ ሰባት መልካም ዓመታት ነበሯቸው። እታለም የቤቱን ወረቀት ሁሉ በቁጥር ያስቀምጣሉ፤ ባለቤታቸው በየኪሳቸው የሚረሱት ብሎን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ይንኳኳል፤ በዚህ ይጨቃጨቁ ነበር። ልጅ አልወለዱም። የባለቤታቸው ልጅ መምህርት ናት፤ መጀመሪያ ላይ እሺ ብላ አልተቀበለቻቸውም ነበር። እታለም ይህን አልተቀየሙም። «እኔ እንኳ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ እሷ ለምን ትቸኩላለች?» ይሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ «እማዬ» ብላ የጠራቻቸው እሷ ብቻ ናት።

በሰኔ 2002 ዓ.ም. ባለቤታቸው ስትሮክ መቷቸው በሆስፒታሉ የማሞቂያ ክፍል ደረጃ ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ከንግግራቸውም «እሺ»፣ «አይደለም» እና «እታለም» የሚሉት ሦስት ቃላት ብቻ ቀሩ። እታለም በ2003 ዓ.ም. ከጊዜያቸው ቀድመው ጡረታ ወጥተው አስታማሚ ሆኑ። በየሦስት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ በማንኪያ ማጉረስ፣ አንሶላ መለወጥ፣ ጢም መላጨት፤ ይህን ለአሥራ አራት ዓመት ያህል በየቀኑ አደረጉት።

ሰው ዝም አላለም። «ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅሽው?» ያሏቸው ነበሩ። «እኔም አላውቅም» ብለው ወደ ማገላበጣቸው ይመለሱ ነበር። ወገባቸው ታመመ። አንዳንድ ምሽት ጸሎታቸው በሙሉ «ደክሞኛል» የምትል አንዲት ቃል እንደነበረች ለእናቴ ነግረዋታል።

በ2009 ዓ.ም. ያላገቡ ወጣቶችን እንዲያበረታቱ በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተጋበዙ። ቆመው የተናገሩት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «ብትጠብቁ ታገኛላችሁ ብዬ አልዋሻችሁም» አሉ። «ከእኔ ጋር የጠበቁ ጓደኞቼ አላገኙም፤ ከእኔ ያነሰ እምነት አልነበራቸውም። እኔ አገኘሁ፤ ያገኘሁትም ታመመብኝ። እግዚአብሔር ታማኝ ነው የምለው ባል ስለሰጠኝ አይደለም። ባልነበረኝ ጊዜ አብሮኝ ነበር፤ አሁን አንሶላ ሳጥብም አብሮኝ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ነው» ብለው ባለቤታቸውን የሚያገላብጡበት ሰዓት ስለደረሰ ሮጠው ወጡ።

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ከተኛሁ ማን ያነሣዋል ብለው ለወራት ደበቁን። በኋላ በዚያው በኖሩበት ሆስፒታል ካርድ ወጥቶላቸው ሲመረመሩ ሕመሙ ሥር ሰዶ ተገኘ። ሕክምናቸውን እየተከታተሉ የቀራቸውን ጉልበት በአንድ ሥራ ላይ አዋሉት። ባለቤታቸው እንዴት እንደሚታጠቡ፣ ምን ሲፈልጉ ዐይናቸውን እንደሚጨፍኑ፣ «አይደለም» ማለታቸው መቼ «አዎ» ማለት እንደሆነ ለልጃቸው ለመምህርቷና ለእኛ አንድ በአንድ አስተማሩን። ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በእናቴ እጅ ላይ እንዳሉ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

እታለም ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና ዘጠኝ የእህትና የወንድም ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ባለቤታቸው ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል። የሆነውን ያውቃሉ፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከሦስቱ ቃላት አንዷን ብቻ ነው የሚናገሩት። ከዚህ በኋላ እቤት መጥታችሁ ለምትጠይቋቸው የምናሳስባችሁ ነገር አለ፤ ከሕመሙ ወዲህ በቀኛቸው በኩል ያለውን ሰው አያዩትም፤ በግራቸው በኩል ተቀመጡ። አልጋው አጠገብ ወንበር አለ። እስካሁን ከእታለም በቀር ሌላ ሰው ተቀምጦበት ስለማያውቅ ትንሽ ትፈሩት ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ተቀመጡበት።

የጠበቁት አምላክ እታለምን በክብር ይቀበላቸው። አሁንስ ይረፉ።