በአምስት ሰዓት የተያዘችው መኪና

ሰኞ፣ ሮተርዳም

አልሰርዘውም። ሰዒድ ከሥራ ቦታው ደውሎ ታክሲ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የመኪናውን ነገር ተይው አለኝ። በማያውቁት አገር፣ ያውም ተራራ ላይ መንዳት ቀልድ መሰለሽ ወይ ብሎም ጨመረበት። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አጠገቤ ሲቀመጥ እጁ ከእጅ ፍሬኑ ላይ አይነሳም፤ እግሩም ባዶውን ወለል ይረግጣል። በዚህ የተነሳ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ወር አልፎኝ እስካሁን የነዳሁት ከሰፈራችን ከዴልፍስሃቨን እስከ ገበያው ነው። እሱም ሦስት ጊዜ።

አራት ጊዜ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት፣ በአውቶማቲክ። ካርዱ ላይም ተጽፏል፤ ማርሽ ያለው መኪና መንዳት አይፈቀድልኝም። ቢሆንም መንጃ ፈቃድ መንጃ ፈቃድ ነው።

ልጄ ሃያት ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨረሰች። የምትማረው ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ ነው። ለሁለታችን ብቻ ብላ ቴነሪፌ የምትባል ደሴት መረጠች፤ መሐሏ ላይ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። ልጅቷ የምትፈልጋቸው ድንጋዮች ያሉት አውቶቡስ የማይቆምበት ቦታ ነው። እሷ መንጃ ፈቃድ የላትም። ስለዚህ ነጂዋ እኔ ነኝ። በዚህ ጉዞ ካልነዳሁ ደግሞ መቼም አልነዳም፣ ራሴን አውቃለሁ።

መኪናውን እንድትይዝ በስልክ ነገርኳት። ትንሽ ይሁን። አውቶማቲክ ይሁን። ስሜ በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ዓርብ በአምስት ሰዓት ከአየር ማረፊያው እንረከባለን። ባቡር ውስጥ ነበረች፤ በሆላንድኛ ያ ያ ማማ፣ እሺ እሺ ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ

ዛሬ አቶ ገብረዝጊ ቤት ቆየሁ። በየቤቱ እየዞርኩ ከምረዳቸው ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፣ የአስመራ ሰው። በጉልምስናቸው ከአሰብ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። እኔ ደግሞ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ሕፃን ሳለሁ መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ካውለበለብኩላቸው ነጂዎች አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም እያልን እንሳሳቃለን። ካልሲያቸውን ሳጠልቅላቸው ስለ ጉዞው ነገርኳቸው። ሆቴሉን አልጠየቁ፣ ባሕሩን አልጠየቁ፤ መንገዱ እንዴት ነው አሉ። ከዚያ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ መጠምዘዣ እየሳሉ ያስተምሩኝ ጀመር።

«ዳገቱን አትፍሪው» አሉኝ። «ቁልቁለቱን ፍሪ። ፍሬን ላይ አትተኚበት፣ ሞተሩ ይያዝልሽ።»

የእኔ አውቶማቲክ ነው፣ ማርሽ የለውም ስላቸው እንደ ታማሚ አዩኝ። እሱም ቢሆን የቁልቁለት አለው፣ ማርሽ መቀየሪያው ላይ የመቀነስ ምልክቱን ፈልጊ አሉ። ቤት ገብቼ ቪዲዮ ሳይ እውነትም አለ። ሰዒድ ስምንት ወር ሙሉ አጠገቤ ሲጮህ ይህቺን አንድ ቀን አልነገረኝም።

የሚያስጨንቀኝ፦
ጭጋግ።
ብስክሌተኞች።
የነዳጁ ክዳን በየት በኩል እንደሆነ።
ከኋላዬ ጥሩንባ የሚነፋ ሰው።

የማያስጨንቀኝ፦ ልብስ። ሻንጣዬን ገና አልነካሁትም።

ዓርብ፣ ደሴቷ ላይ

ጉድ ፈላ። በማለዳ ከስኪፕሆል አየር ማረፊያ ተነስተን፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አከራዮቹ መስኮት ላይ ደረስን። ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሯን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና ኮምፒዩተሯን አየች። ቀጠሯችሁ አሥራ ሰባት ሰዓት ነው የሚለው አለች። በእኔ አቆጣጠር ማታ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ክው አልኩ። ሃያት ስልኳን አውጥታ አየች፤ እውነትም አሥራ ሰባት።

አምስት ሰዓት ነው ያልሽኝ አለች። የበረራውን ሰዓት ሳታመሳክር፣ በንጋት መኪና የሚረከብ ሰው ስለሌለ የማታው አምስት መስሏት። እኔ ያልኩት የሐበሻውን አምስት ሰዓት ነው፣ ረፋዱን። ለካ ቤት ውስጥ ሰዓት የምነግራት ሁልጊዜ በሆላንድኛ ነው፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ጉዞ ጉዞ ሲለኝ ልቤ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር መሰል፣ አምስት ብዬ አረፍኩ።

ያላቸው አውቶማቲክ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ሰው ጋ ናት፣ ማታ ነው የምትመለሰው። ማርሽ ያለው ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ውሰዱ አለች። አልችልም አልኳት። ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ አልችልም ማለት እንዴት ያሳፍራል!

አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጎለትን። መጀመሪያ ተኮራረፍን። ቆይታ ሃያት በጣቷ እየቆጠረች ስድስት መቀነስና መደመር ጀመረች። ታዲያ እኩለ ቀን ስድስት ነው ማለት ነው ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ስንስቅ ስልኳ ላይ የደሴቷ የአውቶቡስ ሰሌዳ ተከፍቶ አየሁ። ከትናንት ጀምሮ አዘጋጅታው ኖሯል። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ሆላንድ ያደጉ ልጆች አንድ የምወድላቸው ነገር አለ፣ አይሸፋፍኑም።

«ማማ፣ መሪ ስትይዢ ትንፋሽሽ ይቆማል» አለችኝ። «እኔ የምፈራው እሱን ስሰማ ነው።»

አንጀቴን በላችው። እውነቷን ነው ግን።

መኪናዋ ማታ መጣች። ነጭ፣ ትንሽ። የእጅ ፍሬኗ ቁልፍ ተጭነው የሚይዟት ናት፤ ሰዒድ ቢኖር የሚጨብጠው ያጣ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ሆቴሉ ድረስ ተሳብኩ። ሁለት ሰው ጥሩንባ ነፋብኝ። ደረስን፣ አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ

ወደ ተራራው አልሄድንም። ጠዋት ጫፉ ደመና ለብሶ ነበር፣ ጥሩ ሰበብ አገኘሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ባሕር ዳር በእግር ሄድን። ሃያት ጥቁሩን አሸዋ በእጇ እየዘገነች ይህም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው አለችኝ፤ ስለ መኪናው አላነሳችም። ሰዒድ ደውሎ ማነው የሚነዳው ሲል እኔ ነኝ አልኩት። እስከዚያ ሰዓት አንዲት ሜትር አልነዳሁም ነበር፣ ዋሸሁት።

ከቀትር በኋላ ሃያት ስትዋኝ ብቻዬን ሄጄ ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ ላይ መኪናዋን ያዝኳት። ወደ ፊት። ወደ ኋላ። ዞሮ ማቆም። ትንፋሼን አዳመጥኩ፣ እውነትም አልተነፍስም! ልጅ ሳለሁ እናቴ የምትላትን መንዙማ ማንጎራጎር ጀመርኩ። የሚያንጎራጉር ሰው ሳይወድ በግዱ ይተነፍሳል። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ስዞር ትከሻዬ ወረደልኝ።

ነገ እንሄዳለን። ለሃያት ነግሬያታለሁ፣ ማምለጫ የለኝም።

እሑድ

ወጣን። ተራራው ላይ ወጣን።

ዳገቱ እንደተባለው አያስፈራም። ጥዶቹ መሐል ስንገባ ጭጋግ ዋጠን፤ ከፊቴ የሚታየኝ ነጩ መስመር ብቻ ሆነ። ድምፄን ከፍ አድርጌ መንዙማዬን ያዝኩ። ሃያት ሩስተኽ ማማ አለች፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ቀስ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ጭጋጉ ከበታቻችን ቀረና ፀሐይ ወጣች። ምድሩ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፤ ሣር የሚባል ነገር የለበትም። ልጄ አሥር ጊዜ አስቆመችኝ። ድንጋይ መውሰድ ክልክል ስለሆነ ትዳስሳቸዋለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ይህ ፈስሶ የቀዘቀዘ ነው፣ ይህ ተተፍቶ የወደቀ ነው እያለች ታስረዳኛለች። ግማሹ አልገባኝም። ደስ ማለቷ ግን ገብቶኛል።

ቁልቁለቱ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የራሴ ፍሬን ነው። አቶ ገብረዝጊ ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅን፤ ከዚያ የመቀነስ ምልክቷን ነካሁ። ሞተሩ ጮኸና ያዘልኝ። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ፤ እያንጎራጎርኩ ወረድኩ።

አንድ መጠምዘዣ ላይ ትልቅ የቱሪስት አውቶቡስ ፊት ለፊቴ ብቅ አለ። መንገዱን ሞልቶታል። ሁለት ጎማዬን ጠጠሩ ላይ አውጥቼ ቆምኩለት፤ መስታወቴን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈ። ነጂው እጁን አነሳልኝ፣ እኔም አነሳሁለት። እንደ ባልደረባ።

አየሽ ወይ ብዬ ወደ ሃያት ዞርኩ። መልስ የለም። በፍርሃት ደርቃለች ብዬ ደነገጥኩ።

ተኝታለች። አፏን ከፍታ፣ ራሷን ቀበቶው ላይ ጥላ። ከስንተኛው መጠምዘዣ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ መኪናዋን አቁሜያለሁ፤ ይህን የምጽፈው መሪው ላይ ደብተሬን አስደግፌ ነው። ባሕሩ ከታች ይታያል፣ ገና ብዙ ቁልቁለት ይቀረናል። ልቀስቅሳት ይሆን? ቢያንስ ይህን እይታ እንድታይ። አይ፣ ትተኛ። እኔው አደርሳታለሁ።