ዳንቴል የለበሰችው ሰርቨር

ቡሬ፣ ረቡዕ መጋቢት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለደጀኔ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። «አቶ ደጀኔ» ብዬም ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ለመፋታት ቀጠሮ የያዙ ባልና ሚስት በምን ተጠራርተው እንደሚጻጻፉ ያስተማረኝ የለም። እንግዲህ ደጀኔ ብቻ ብዬሃለሁ።

ጤናህን እንዴት ይዞሃል? የጉባ ሙቀት ሰው ያቀልጣል ይላሉ፤ ውኃ ጠጣ። እናትህ ደህና ናቸው፤ ጾሙን አጥብቀው ይዘውታል፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስበላ ግን በዓይናቸው ይገላምጡኛል። እኔም ደህና ነኝ፤ ጭንቅላቴ ብቻ ዞሮብኛል። ስልክህ አልያዝ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ግድቡ በሚመላለሰው በተስፋው እጅ ልኬልሃለሁ። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትቀደው።

ነገሩ ስለ ሰርቨሯ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ የተቀጠሩት ሽማግሎች መልእክትህን ነግረውኛል። «ቤቱም ዕቃውም ለሷ ይሁን፣ እኔ የምፈልገው ያችን ሳጥን ብቻ ነው» አልክ አሉ። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ አቶ ሃይለ ሚካኤል፣ ይህን ሲነግሩኝ እሳቸውም ግራ ተጋብተው «ለመሆኑ ልጄ፣ ይች ሳጥን ወርቅ አለባት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ በርካሽ ገዝተህ ያመጣሃት፣ ከጫማ ካርቶን እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ብረት ናት። «የቤታችን ሲኒማ ትሆናለች፤ ፊልሙም መዝሙሩም ፎቶውም እሷ ውስጥ ይገባና ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን እናያለን» ያልከኝ ትዝ ይለኛል። ከቤቱ ንብረት ሁሉ እሷን ብቻ መምረጥህ ግን ገረመኝም፣ አናደደኝም። አልጋውን እንኳ አልፈለግህም!

ስለዚህ ለሽማግሎች ከማስረከቤ በፊት ምን እንዳለባት ልይ ብዬ ተነሣሁ። ደብተርህን ከመሳቢያው አወጣሁ። አንተ ሰው፣ ያንን ለማን ብለህ ነው የጻፍከው? «አይፒውን አስገባ» ይላል። ከየት አምጥቼ ነው የማስገባው? ዝቅ ብሎ ደግሞ «ካላየው ድጋሚ አስነሣው» ይላል። ማን ነው ማንን የሚያየው? ሦስት ኬብል በሦስት ቀዳዳ ሰክቼ ቴሌቪዥኑ በረዶ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሲያሳየኝ፣ ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችውን አደይን ጠራኋት። ሁለተኛ ደረጃ ኮምፒውተር የምታስተምረው ናት። እሷም ገጹን አገላብጣ ሳቀችና «ይህ ሰውዬ ለራሱ ነው የጻፈው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንተ ሁልጊዜ ለራስህ ነው የምትናገረው፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ ነው የምሰማው።

አደይ ኬብሉን ለዋወጠች፣ አንድ ነገር ጻፈች፣ ሰርቨሯ እፍ እፍ ማለት ጀመረች። እናትህ ከበራፉ ሆነው «ሁዳዴ ነው! ዘፈን እንዳታሰሙኝ!» ይላሉ። «እማማ፣ ገና ምንም አላልንም» ስላቸው «እሷስ ምንድን ነው የምታጉረመርመው?» አሉኝ። አደይ የቀረውን ስትመለስ እንደምትጨርሰው ነግራኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰርቨሯ ድርግም አለች። በማግስቱ አበራናት፤ አሁንም ድርግም። ልክ እንደ ድሮው። የእኛ ጠብ የተነሣው በዚሁ አይደል?

መቼም አትረሳውም፣ ግን ልናገረው። በታኅሣሥ የሰርጋችንን ካሴት ልትገለብጥባት ብለህ፣ ጠዋት ከፍተሃት ሥራ ትሄዳለህ፤ ማታ ስትመለስ ጠፍታ ታገኛታለህ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ቆጣሪውን አየህ፣ ጎረቤት ጠየቅህ፣ መብራት አልጠፋም ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የተገለበጠው ገና ከእናቴ ቤት ሳልወጣ ያለው ብቻ ነው። «ሆን ብለሽ ነው የምታጠፊያት! ሰርጋችንን ማየት ጠልተሻል!» አልከኝ። አልነካኋትም አልኩህ። ነገር ነገርን እየጠራ ሽማግሌ ደረሰ። እኔም በሽማግሎቹ ፊት መስቀል ይዤ «እጄ ማጥፊያዋን ነክቶ አያውቅም» ብዬ ማልኩ። አንተን ሚስትህን በሐሰት ወነጀልክ ብለው ወቀሱህ። አንገትህን ደፍተህ ወጣህ፤ በሳምንቱ ለግድቡ የኤሌክትሪክ ሥራ ጉባ ገባህ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሰርቨሯን ማብራት በጀመርን በሦስተኛው ቀን አደይ ከትምህርት ቤት ቶሎ ተመለሰች። ሰርቨሯን አየችና «ይህን ዳንቴል ማን ነው ያለበሳት?» አለችኝ። «እኔ ነኝ እንጂ፤ አቧራ እንዳይገባባት ብዬ» አልኳት። እጇን ከዳንቴሉ ሥር ሰደደችና ፈጥና መለሰችው። «ሰብሊ! ይች እኮ እሳት ሆናለች! መተንፈሻዋን ደፍነሽባት ነው የምትጠፋው!» እናትህ ጣልቃ ገብተው «ብረት ይተነፍሳል እንዴ እናንተዬ?» አሉ። ይተነፍሳል አለቻቸው፤ በጀርባዋ በኩል፣ ሲግላት ደግሞ እንዳትቃጠል ራሷን ታጠፋለች።

ደጀኔ፣ ዳንቴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። እኛ ቤት ያልተከናነበ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ራዲዮኑም፣ ወንበሩም። ዳንቴል ሠርቼ የማድር ሴት፣ አንተ እንደዚያ የወደድካትን ዕቃ ራቁቷን እንዴት ልተዋት? አንድ ቀን አይተህ «ሙሽራ ናት እንዴ የምትከናነበው?» ብለህ ሳቅህብኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ስትወጣ አለብሳታለሁ፣ ልትመጣ ስትል አነሣላታለሁ። የጭነት መኪናው አቧራ በመስኮት ሲገባ ደግሞ ዳንቴሉን በአራት አጥፌ፣ ነጠላ እደርብባታለሁ። ሳልነካት ያጠፋኋት እኔው ነኝ። አንተ የተናገርከው ሐሰት አልነበረም፤ የኔም መሐላ ሐሰት አልነበረም፤ ታዲያ ማን ነው የዋሸው? ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ አጣሁ።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ማጥፊያዋን ነክተሻል?» አሉኝ። አልነካሁም። «እንግዲያው መሐላሽ እውነት ነው።» አባ፣ ግን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። «ሳትነኪያት?» አዎ፣ ዳንቴል አልብሼ። ጢማቸውን እያሻሹ «ይህ እንኳ ተጽፎ አላየሁም። አርባ ስገጂ፤ ከዚያ ሂጂና ባልሽን ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ከባዱ ይኸኛው ሆነብኝ። ደጀኔ፣ ይቅር በለኝ። ሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ።

ዳንቴሏን ካነሣንላት ወዲህ ቀኑን ሙሉ ብትሠራ ድርግም አትልም። ውስጧ ያሉት ማኅደሮችም በየስማቸው ተከፈቱልን። «ፊልም» ይላል፣ «መዝሙር» ይላል፣ «የእማማ» ይላል። የእማማ በሚለው ውስጥ የገበዝ ማርያምን ንግሥ ቀርጸህላቸው ኖሯል፤ እናትህ ታቦቷ ስትወጣ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቴሌቪዥኑን ተሳለሙ። ከሁሉ በታች ደግሞ «ሰብሊ» የሚል አለ። አደይ ስትከፍተው ባዶ ነው። ምንም የለበትም። ለሁሉ አስበህ ለኔ ባዶ? ወይስ ምን ልትል ነው? ተቆጣሁ፤ ከዚያም አለቀስኩ። እናትህ ግን «አንቺ ሞኝ፣ ጎተራ ሲሠራ እህል ተሞልቶ ነው እንዴ የሚሠራው? ሰው ባዶ ጎተራ የሚያቆም ሊያስገባበት ያሰበው ቢኖር ነው» አሉኝ። እውነት ይሆን? አንተ ነህ የምታውቀው፤ እኔ አሁንም ግራ ገብቶኛል።

ባለፈው እሑድ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ገለበጥነው። ሁዳዴ ስለሆነ ድምፁን ዘግተን ከእናትህ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ሰው ያለ ድምፅ ሲጨፍር አያምርም፣ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ከእናቴ ቤት ስወጣ፣ መኪና ውስጥ፣ ዳሱ ውስጥ፣ አንተ ሁልጊዜ የምታየው እኔን ነው። ሰው ሲያነጋግርህ እንኳ ትመልስና ዞረህ ታየኛለህ። እኔ እንደ ሙሽራ ደንብ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ እንጂ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አላየሁህም። በተጋባን በሰባት ዓመታችን ገና አሁን አየሁህ። ካሴቱን በስሜ ባለው ባዶ ማኅደር ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ለሽማግሎች እውነቱን እናገራለሁ፣ እውነተኛው አንተ እንደሆንክ በዚያው ሁሉ ፊት እናገራለሁ፤ ግን አንተ በሌለህበት አልናገርም። ሳጥኗንም ለማንም አላስረክብም፤ ከፈለግሃት ራስህ መጥተህ ውሰዳት። እናትህ «ያለ ልጄ አልፈስክም ብላሃለች በይልኝ» ብለዋል። የኔን አልነገርኳቸውም፣ እሳቸው ግን ሳይገባቸው አይቀርም።

ገበዟ ማርያም ከወባው፣ ከድንጋዩ፣ ከሌሊቱ መንገድ ትሰውርህ፤ እጅህን ከኤሌክትሪክ ትጠብቅልህ። ተስፋው ዓርብ ተመልሶ ወደ ቡሬ ይነሣል፤ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ እንደሚተርፈው ነግሮኛል።

እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ባለቤትህ፣ ከዚያ ወዲያ ምንህ እንደሆንኩ መጥተህ የምትነግረኝ፣

ሰብሊ